ጆ ሉዊስ፦ የኢትዮጵያ ስም የተጠራበት ቡጢኛ በሚዛን ሲታይ

ስለ ቦክስ ሲነሳ በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ገና ሳይጀመር ያልቃል። ሸዋ ሮቢት ላይ ይነሳ አጣዬ፣ ካራቆሬ ይሁን ከሚሴ፣ ታላቁ ማን ነው ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ ሙሐመድ ዐሊ። እኛም በዚህ መልስ ቅር አንሰኝም። ዐሊ እስልምናውን በአደባባይ የተናገረ፣ ለአቋሙ ሲል የዓለም ዘውዱን ያጣ ሰው ነው። ዛሬ የምንጽፈው ግን ከእርሱ በፊት ስለነበረ ሌላ ቡጢኛ ነው። ይህ ሰው ሙስሊም አልነበረም። እንዲያውም ዐሊ ስሙን ከቀየረ በኋላ ለረጅም ጊዜ በአዲሱ ስሙ ሊጠራው ፈቃደኛ አልነበረም። ስሙ ጆ ሉዊስ ይባላል።

ታዲያ ስለ እርሱ መጻፍ ለምን አስፈለገን? ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ሊወር በተሰናዳበት ወቅት ይህ ሰው አሜሪካ ውስጥ በቡጢ መድረክ ላይ ሲወጣ ብዙዎች በእርሱ ውስጥ ኢትዮጵያን አይተዋል። ሁለተኛው፣ አንድን ቡጢኛ ታላቅ የሚያሰኘው ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ በትክክል ለመመለስ ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ስለሚቸግር ነው። ብዙ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም። ማንን አሸነፈ? ራሱንስ እንዴት ተከላከለ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የጆ ሉዊስን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይከተሉታል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጥጥ እርሻ ወደ ፋብሪካ ከተማ

ጆሴፍ ሉዊስ ባሮው የተወለደው ግንቦት 13 ቀን 1914 በአሜሪካ ደቡብ፣ በአላባማ ግዛት ላፋየት በምትባል ከተማ አቅራቢያ ነው። ከስምንት ልጆች ሰባተኛው ነበር። ቤተሰቡ በሌላ ሰው መሬት ላይ ጥጥ እያመረተ የሚተዳደር ደሃ ቤተሰብ ነው። አባቱ ልጁ ገና ጨቅላ ሳለ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገቡ፤ ቤተሰቡም ሞተዋል ብሎ አመነ። እናቱ ሊሊ ሌላ ባል አግብተው ልጆቹን አሳደጉ። በ1926 ጥቁሮችን እያሳደደ የሚገድለው የኩ ክለክስ ክላን ቡድን ስጋት ሲበረታ፣ ሥራም ፍለጋ ጭምር፣ ቤተሰቡ ወደ ሰሜን ተሰድዶ የመኪና ፋብሪካ ከተማ በሆነችው ዲትሮይት ሰፈረ።

እናቱ ልጃቸው ቫዮሊን ተምሮ ሰው እንዲሆን ፈልገው ነበር። ልጁ ግን ለቫዮሊን ትምህርት የተሰጠውን ገንዘብ ለቦክስ ማሰልጠኛ እንዳዋለው፣ ጓንቱንም በቫዮሊኑ ሳጥን ደብቆ ይዞር እንደነበር ይተረካል። የአማተር ሕይወቱ የተጀመረው በሽንፈት ነው። በ1932 ጆኒ ማይለር ከሚባል የኦሎምፒክ ቡጢኛ ጋር ገጥሞ ደጋግሞ ወደቀ። ብዙ ወጣት እዚያ ላይ ጓንቱን ይሰቅል ነበር። እርሱ ግን ተመለሰ፤ በ1934 የአሜሪካ አማተር ሻምፒዮን ሆነ።

ሐምሌ 4 ቀን 1934 በቺካጎ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ግጥሚያ በአንደኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ሥራ አስኪያጆቹ ጆን ሮክስቦሮ እና ጁሊያን ብላክ፣ አሰልጣኙ ደግሞ ጃክ ብላክበርን ነበሩ። ሦስቱም ጥቁሮች ናቸው። ብላክበርን ራሱ በወጣትነቱ ታላላቅ ቡጢኞችን የገጠመ ሰው ስለነበር ለሉዊስ ያስተማረው አንድ ዋና ነገር ነበር፤ ሚዛን። እግርህ መሬት ሳይዝ አትምታ፣ ቡጢህን አታርዝም፣ ከመታህ በኋላ ወዲያው ለሚቀጥለው ተዘጋጅ የሚል ትምህርት ነው። ሉዊስ ጫማውን መሬት ላይ እየጎተተ፣ ትንሽ ትንሽ እየተራመደ ተጋጣሚውን ወደ ጥግ የሚገፋው ከዚህ ትምህርት የተነሳ ነው። ቡጢው ረጅም ርቀት አይጓዝም። ከአንድ ክንድ ባነሰ ቦታ ውስጥ ይነሳና ሰው ይጥላል።

ሥራ አስኪያጆቹ ከቦክሱ በተጨማሪ የጠባይ ሕግም አወጡለት። የወደቀ ተጋጣሚ ላይ አትፎክር፣ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ አትነሳ፣ በሰው ፊት ፊትህን ቋጥረህ ዝም በል ተባለ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከእርሱ በፊት የነበረው ጥቁር የዓለም ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን በነጮች ዘንድ ያስነሳውን ቁጣ ለማብረድ ነው። ጆንሰን ዘውዱን ካጣበት ከ1915 ወዲህ አንድም ጥቁር ለከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ዕድል አልተሰጠውም ነበር።

የካርኔራ ምሽት እና የይፋት መንገድ

ሰኔ 25 ቀን 1935፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 18 ቀን 1927፣ የ21 ዓመቱ ሉዊስ በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ገጠመ። ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ተሰብስቧል። የወልወል ግጭት ከተከሰተ ገና ስድስት ወር አልፎታል። ሙሶሊኒ ጦሩን በመርከብ እየጫነ ወደ ኤርትራና ሶማሊያ እያጓጓዘ ነው። ጋዜጦች ግጥሚያውን ከስፖርት አውጥተው የጣሊያንና የኢትዮጵያ ፍልሚያ አስመሰሉት። በሀርለም ጥቁሮችና በከተማዋ ጣሊያኖች መካከል ረብሻ ይነሳል ተብሎ ተሰጋ፤ ከግጥሚያው በፊት የመድረኩ አስተዋዋቂ ሕዝቡ የፖለቲካ ጥላቻን ወደ ጎን ትቶ በስፖርት መንፈስ እንዲመለከት ተማጸነ።

ካርኔራ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ቁመትና ከ115 ኪሎ በላይ ክብደት ያለው ግዙፍ ሰው ነው። ሉዊስ 90 ኪሎ አይሞላም። በስድስተኛው ዙር ግዙፉ ሰው ደጋግሞ ወደቀ፤ ዳኛውም ግጥሚያውን አስቆመ። በሀርለም ጎዳናዎች ሕዝብ ጎርፎ ወጣ። ጥቁር አሜሪካውያን በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ገንዘብ ሲያሰባስቡ፣ ለመዝመት ስማቸውን ሲያስመዘግቡ ነበር። በሉዊስ የትውልድ ግዛት በሚገኘው የተስኪጊ ተቋም የተማረው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፏል።

ይህን የሩቅ አገር ወሬ ከእኛ ቀዬ ጋር የሚያገናኘው መንገዱ ነው። ጣሊያን ወረራውን የጀመረው ከሉዊስ ድል ሦስት ወር በኋላ ነው። በሚያዝያ 1928 በእኛ አቆጣጠር የማርሻል ባዶሊዮ የመኪና ጦር ከደሴ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ የይፋትን ቆላ አቋርጦ ነው ያለፈው። ከቆላው ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ ጣርማበር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለጠበቀው ለመዘግየት ተገደደ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዘመን ተራራው ተበስቶ የተሠራው የጣርማበር ዋሻ ዛሬም አለ። ከሸዋ ሮቢት ማሾና ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። በኒው ዮርክ በቡጢ የወደቀው የጣሊያን ምልክት በእኛ ተራራ ላይ በታንክና በመርዝ ጋዝ ታጅቦ መጣ። የአንድ ቡጢኛ ድል ወረራን አያስቆምም። ነገር ግን በባዕድ አገር ያሉ፣ ኢትዮጵያን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች በእኛ መከራ ልባቸው መነካቱን ያስታውሰናል።

እዚህ ላይ ግን ሚዛናችንን መያዝ አለብን። ካርኔራ በቦክስ ችሎታው ምን ያህል ጠንካራ ነበር? የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሥራውን የሚመሩት ሰዎች ከወንበዴ ቡድኖች ጋር የተሳሰሩ ነበሩ፤ ወደ ላይ ከወጣባቸው ግጥሚያዎች ብዙዎቹ አስቀድሞ የተሸጡ ናቸው ተብለው ይጠረጠራሉ። እግሩ ዘገምተኛ፣ መከላከሉም ደካማ ነበር። ስለዚህ ለኢትዮጵያውያንና ለጥቁሮች ትርጉሙ ትልቅ የሆነው ያ ድል በቦክስ መለኪያ ሲታይ ከሉዊስ ታላላቅ ድሎች ውስጥ በመጀመሪያው ረድፍ የሚቀመጥ አይደለም። ፍቅራችን አንድ ነገር ነው፤ ምዘናችን ሌላ።

የወረደችው ግራ እጅ

ከካርኔራ በኋላ ሉዊስ በመስከረም 1935 ሌላውን የቀድሞ ሻምፒዮን ማክስ ቤርን በአራተኛው ዙር ጣለ። ዓለም ይህን ልጅ የሚያሸንፈው የለም ማለት ጀመረች። ልጁም አመነ። ለሚቀጥለው ግጥሚያ ልምምዱን ቸል ብሎ ጎልፍ ሲጫወት ሰነበተ።

ተጋጣሚው ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ነበር። ዕድሜው 30 ስላለፈ ብዙዎች ያበቃለት ቡጢኛ አድርገው ቆጥረውታል። ሽሜሊንግ ግን የሉዊስን ግጥሚያዎች በፊልም እየደጋገመ አየ፤ አንዲት ጉድለትም አገኘ። ሉዊስ የግራ ቀጥተኛ ቡጢውን ከሰነዘረ በኋላ እጁን ወደ ፊቱ አይመልስም፤ ወደ ታች ይጥላታል። በዚያች ቅጽበት የግራ ጉንጩ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ጃክ ጆንሰንም ይህንኑ አስቀድሞ አይቶ የሉዊስን አቋቋም በአደባባይ ነቅፎ ነበር። የሚሰማ አልተገኘም።

ሰኔ 19 ቀን 1936፣ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከወደቀች ወር ተኩል በኋላ፣ ሽሜሊንግ በቀኝ እጁ ያችን ክፍተት እየጠበቀ ደጋግሞ መታ። ሉዊስ በአራተኛው ዙር በፕሮፌሽናል ሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደቀ። በ12ኛው ዙር ተቆጥሮበት ተሸነፈ። ያን ምሽት ሀርለም አለቀሰች። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት የቆሙት ከዚህ 11 ቀን በኋላ ነው። ለጥቁር አሜሪካውያን ያ ሰኔ የሁለት ሐዘን ወር ሆነ።

በመከላከል ረገድ የሉዊስ ታሪክ የሚማረው ከዚህ ሽንፈት ነው። ብላክበርን ወደ ልምምድ ቤት መልሶ ግራ እጁን እንዲያስተካክል አደረገው። በነሐሴ 1936 የቀድሞውን ሻምፒዮን ጃክ ሻርኪን በሦስተኛው ዙር ጣለ። ሰኔ 22 ቀን 1937 በቺካጎ ከዓለም ሻምፒዮኑ ጀምስ ብራዶክ ጋር ገጥሞ በአንደኛው ዙር ራሱ ቢወድቅም ተነስቶ በስምንተኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። በ23 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሽሜሊንግን እስካላሸነፍኩ ድረስ ሻምፒዮን አይደለሁም የሚል ስሜት ግን አልለቀቀውም።

ቀኑ ሰኔ 22 ቀን 1938 መጣ። 70 ሺህ ያህል ተመልካች በያንኪ ስታዲየም፣ ሚሊዮኖች ደግሞ በሬዲዮ ይከታተላሉ። ሉዊስ ያለፈውን ስህተት አልደገመም፤ ሽሜሊንግ ቀኝ እጁን የሚያዘጋጅበት ጊዜም ቦታም አልሰጠውም። ግጥሚያው በሁለት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ አለቀ። አንዳንድ ጊዜ የተሻለው መከላከል ባላጋራህ የሚያጠቃበትን ዕድል መንፈግ መሆኑ በዚያ ምሽት ታየ።

ለሽሜሊንግም ፍትሕ ይገባዋል። የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም። አይሁዳዊ ሥራ አስኪያጁን እንዲያባርር ቢጠየቅም እምቢ ብሏል። በዚያው በ1938 መጨረሻ አይሁዳውያን በርሊን ውስጥ ሲሳደዱ የአንድ ወዳጁን ሁለት ልጆች በሆቴል ክፍሉ ደብቆ አትርፏል። ሰውን በባንዲራው ብቻ መፍረድ እንደማይገባ የሚያስተምር ታሪክ ነው።

ሃያ አምስቱ ግጥሚያዎች

ሉዊስ ዘውዱን 25 ጊዜ ተከላክሎ ለ11 ዓመት ከ8 ወር ያህል ይዟል። በከባድ ሚዛን ታሪክ እስካሁን የሚደርስበት አልተገኘም። ተቺዎች ግን እዚሁ ላይ ይመጡበታል። ከ1940 መጨረሻ እስከ 1941 አጋማሽ በየወሩ ማለት ይቻላል ይገጥም ስለነበር ጋዜጠኞች ተጋጣሚዎቹን የወሩ ምስኪኖች እያሉ ቀለዱባቸው። እውነት ነው፣ ከመካከላቸው ደካሞች ነበሩ። ነገር ግን ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ ሉዊስ ተፎካካሪ መርጦ አልተቀመጠም፤ በዘመኑ በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ የነበሩትን ነጮች በሙሉ ማለት ይቻላል አግኝቷቸዋል። ሁለተኛ፣ ደካማ የተባሉትም አስቸግረውታል። በ1939 ቶኒ ጋሌንቶ መሬት አስነክቶታል። በ1940 ቺሊያዊው አርቱሮ ጎዶይ ጎንበስ ብሎ እየተጠጋ 15 ዙር አስኬዶታል። በ1941 በዲ ቤር ከገመዱ ውጭ ወርውሮታል። ሉዊስ ጋሌንቶን በዚያው ምሽት፣ ጎዶይን ደግሞ ከወራት በኋላ በመልስ ግጥሚያ በዝረራ ጥሏቸዋል፤ ቤርን ግን በዚያው ምሽት ያሸነፈው ቤር ከግጥሚያው በመሰረዙ ነው።

ከሁሉም በላይ የመከላከል ድክመቱን ያጋለጠው ቢሊ ኮን ነው። ሰኔ 18 ቀን 1941 ከቀላል ከባድ ሚዛን ወደ ላይ የወጣው ኮን በፍጥነቱና በእግር ሥራው ሉዊስን እስከ 12ኛው ዙር አስቸገረው። ከሦስቱ ዳኞች በሁለቱ ወረቀት ላይ ይመራ ነበር። በ13ኛው ዙር ግን በዝረራ ለመጨረስ ብሎ ሊፋለመው ቀረበ። ዙሩ ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ተቆጥሮበት ወጣ። ከሽንፈት ጫፍ የተመለሰው ሉዊስ ነበር፤ ዘውዱን ያጣው ግን በመሪነት ላይ ሳለ ትዕግሥት ያጣው ኮን ነው።

ስለ ተጋጣሚዎቹ ጥራት ስንመዝን የሚደመረውም የሚቀነሰውም አለ። በሚደመረው በኩል፣ ሉዊስ ከእርሱ በፊት ወይም በኋላ የዓለም የከባድ ሚዛን ዘውድ የጫኑ ስድስት ሰዎችን አሸንፏል፤ ካርኔራ፣ ቤር፣ ሻርኪ፣ ብራዶክ፣ ሽሜሊንግ እና ጀርሲ ጆ ዋልኮት። በሚቀነሰው በኩል፣ በ25ቱ ግጥሚያዎች ዘውዱን ለመንጠቅ ዕድል ያገኙት ጥቁሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጆን ሄንሪ ልዊስ በ1939 እና ዋልኮት ከጦርነቱ በኋላ። የመጀመሪያው ቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ቢሆንም ዓይኑ እየደከመ ነበር። የዘመኑ የገንዘብና የዘር ሥርዓት ጠንካራ ጥቁር ቡጢኞችን ከገበያው አርቋቸው ነበር፤ ጥቁሩ ሻምፒዮን ራሱ ያንን በር በሰፊው ሊከፍተው አልቻለም።

ዋልኮት በታኅሣሥ 1947 ሁለት ጊዜ አወደቀው። ሉዊስ በተከፈለ የዳኞች ድምፅ አሸነፈ ቢባልም አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ብዙዎች ውሳኔውን አልተቀበሉትም። በሰኔ 1948 በመልሱ ግጥሚያ ሉዊስ እንደገና ወድቆ ተነሳና በ11ኛው ዙር ጨረሰው። በመጋቢት 1949 ሻምፒዮን እንደሆነ ከመድረክ ተሰናበተ።

ከጆንሰን፣ ከማርሲያኖ እና ከዐሊ ጋር ሲነጻጸር

አሁን ሚዛኑን እንስቀል። በመከላከል ብቻ ከሆነ ጃክ ጆንሰን ከሉዊስ ይበልጣል። ጆንሰን የሚመጣውን ቡጢ በአየር ላይ በመዳፉ ይይዝ፣ የባላጋራውን ክንድ ይቆልፍ፣ እየሳቀ ያደክመው ነበር። በ1910 ጀምስ ጄፍሪስን ሲያሸንፍ ፊቱ እምብዛም አልተነካም። ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ግን እንደ ሳም ላንግፎርድ ያሉትን የዘመኑን አስፈሪ ጥቁሮች በዘውድ ግጥሚያ አልገጠማቸውም። ጥሩ ጋሻ ይዞ ከባዱን ጦር የሸሸበት ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል።

ሮኪ ማርሲያኖ 49 ጊዜ ገጥሞ 49ኙንም አሸንፏል። ቁጥሩ ያስደንቃል። ነገር ግን ሉዊስን ሲያሸንፍ ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር፤ ዋልኮት ደግሞ 38። መከላከሉም ብዙ ቡጢ እየተቀበለ የሚገፋ ዓይነት ነው። ያልተነካ ሪከርድ ሁልጊዜ ያልተነካ ታላቅነት አይደለም።

ሙሐመድ ዐሊስ? ዐሊ በ1960 በሮም ኦሎምፒክ ወርቅ ሲያጠልቅ የእኛው አበበ ቢቂላ በዚያው ኦሎምፒክ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸንፏል። የወጣቱ ዐሊ መከላከል በእጅ ሳይሆን በእግርና በዓይን ነበር። እጁን ዝቅ አድርጎ፣ ቡጢው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ራሱን ወደ ኋላ ይስባል። መምህራን ይህን ለተማሪ አያስተምሩም፤ ፍጥነቱ ግን ፈቅዶለታል። ወደ ቬትናም አልዘምትም በማለቱ ከ1967 እስከ 1970 ከመድረክ ከታገደ በኋላ ሲመለስ እግሩ እንደ ድሮው አልሆነም። ያኔ ቡጢ መቀበልን እንደ መከላከያ ያዘ። በጥቅምት 1974 በኪንሻሳ ገመድ ተደግፎ ጆርጅ ፎርማንን እስኪደክም አስመትቶ በስምንተኛው ዙር ጣለው። ብልህነቱ ይደነቃል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ታወቀ፤ የተቀበላቸው ቡጢዎች ብዛት ከሕመሙ ጋር ስሙ የማይነሳበት ጊዜ የለም።

በተጋጣሚ ጥራት ግን ዐሊን የሚስተካከል የከባድ ሚዛን ቡጢኛ ማግኘት ይከብዳል። ሊስተንን ሁለት ጊዜ፣ ፍሬዚየርን ሦስት ጊዜ፣ ኖርተንን ሦስት ጊዜ፣ ፎርማንን በጉልበቱ ጫፍ ላይ ሳለ ገጥሟል። አምስት ጊዜ ተሸንፏል፤ ነገር ግን ከእነዚህ ጥቂቶቹ ሌሎች ሊገጥሟቸው የሚፈሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ብለን እናጠቃልላለን። በጋሻ ጆንሰን፣ በተጋጣሚ ጥራት ዐሊ፣ በጽናትና በቡጢ ጥራት ሉዊስ ይቀድማል። ሉዊስ ከሦስቱ ቀለል ብሎ የሚመታ ነበር፤ ከወደቀ በኋላ ተነስቶ በማሸነፍና ያስቸገረውን ሰው በመልስ ግጥሚያ በመርታት ግን ወደር የለውም።

ይህን ሁሉ ስንል የጨዋታውን አደጋ አንዘነጋም። ፊትን መምታት በነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) ሐዲስ የተከለከለ መሆኑ ይታወቃል። በመካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤትም በ1987 ቦክስን የማይፈቀድ ስፖርት ሲል ወስኗል። የዐሊንና የሉዊስን የመጨረሻ ዓመታት ያየ ሰው የውሳኔው ምክንያት አይጠፋውም።

ከመድረክ ውጭ ያለ ጋሻ

ሉዊስ ራሱን መከላከል ያቃተው ከገመዱ ውጭ ነው። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ በጥር 1942 ቤርን አሸንፎ ያገኘውን ገንዘብ ለባሕር ኃይል ቤተሰቦች መርጃ ሰጠ፤ ወዲያውም ጦር ሠራዊት ገባ። በመጋቢት ከአቤ ሳይመን ግጥሚያ ያገኘውን ደግሞ ለምድር ጦር መርጃ አዋለ። በወታደርነቱ ወደ 96 የሚጠጉ ትርኢት ግጥሚያዎችን ለ2 ሚሊዮን ያህል ወታደሮች አሳይቷል። ጥቁርና ነጭ ለይቶ በሚያሰልፍ ጦር ውስጥ እያለ፣ ኋላ የቤዝቦልን የዘር አጥር የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰንና ጓደኞቹ ወደ መኮንንነት ትምህርት እንዲገቡ ተሟግቷል።

ከጦርነቱ ሲመለስ የጠበቀው የግብር ዕዳ ነበር። ሳይቀበለው በቀጥታ ለመርጃ የሰጠው ገንዘብ ሳይቀር እንደ ገቢ ተቆጠረበት። ወለዱ እየተደራረበ ዕዳው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ለዘመድ ለወዳጅ ሳይቆጥር ይሰጥ ነበር፤ ሒሳቡን የሚይዙለት ሰዎችም አልጠበቁትም። በዕዳው የተነሳ ጡረታውን ሰብሮ ወደ መድረክ ተመለሰ። በመስከረም 1950 በኢዛርድ ቻርልስ በነጥብ ተሸነፈ። በጥቅምት 1951 ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር ከገመድ ውጭ ጣለው። በሕይወቱ በሙሉ የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ዕዳ ያመጣቸው ናቸው ብንል አንሳሳትም።

ከዚያ በኋላ ለእንጀራ ሲል የትግል ትርኢት ሠራ። በአደንዛዥ ዕፅ ተያዘ፤ በ1970 ለአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገባ። የአባቱን ዕጣ የሚያስታውስ መራራ ነገር ነው። በመጨረሻ በላስ ቬጋስ በአንድ ትልቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሠራ። ከዐሊ ጋር የነበረው ቅራኔም በእነዚያ ዓመታት ለዘብ አለ። በስሙ አልጠራህም ያለው ሽማግሌና ስሜን ጥሩኝ ያለው ወጣት በሕይወት ሳሉ መቀራረባቸው እኛን ደስ ያሰኘናል።

ሚያዝያ 11 ቀን 1981 በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ የላሪ ሆልምስንና የትሬቨር በርቢክን ግጥሚያ ተመለከተ። በማግስቱ በ66 ዓመቱ ዐረፈ። በርቢክ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሙሐመድ ዐሊን በመጨረሻው ግጥሚያው ያሸነፈው ሰው ነው። ሉዊስ በፕሬዚዳንት ሬገን ልዩ ፈቃድ በአርሊንግተን ብሔራዊ የጀግኖች መቃብር ተቀበረ። ለቀብሩ ወጪ ከረዱት ሰዎች አንዱ ማክስ ሽሜሊንግ ነበር።

ለእኛ ከዚህ ሕይወት የሚተርፈው ምንድን ነው? አንድ ሰው ጥሩ ሲሆን ጉድለቱን መደበቅ፣ ከእኛ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ብልጫውን መካድ ሚዛን ማጉደል ነው። ሉዊስ ስሙን ለኢትዮጵያ ብሎ አልተዋጋም፤ ነገር ግን ሰዎች የኢትዮጵያን ሐዘን በትከሻው ላይ ሲያስቀምጡ አላሳፈራቸውም። የግራ እጁን መውረድ ባላጋራው አይቶ ቀጣው፤ እርሱም አርሞ ተመለሰ። የኪሱን መከፈት ግን የሚነግረው ወዳጅ አላገኘም። በየመንደራችን ስም ያላቸው፣ ሲያሸንፉ የምናጨበጭብላቸው ወጣቶች አሉን። ከጭብጨባው ጎን የወረደች እጃቸውን የሚያሳያቸው፣ ገንዘባቸውንና ጤናቸውን የሚጠብቅላቸው ሰው እንዲኖራቸው ማድረግ የእኛ የወገኖቻቸው ኃላፊነት ነው።